የ8 እና የ4 ኦም ካቢኔት በአንድ የቤዝ ሄድ ላይ አብረው ይሰካሉ?

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በሥራ ቀን ሆቴል፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠርግ የምጫወት ቤዚስት ነኝ። ወንድሜ ከአሜሪካ የቤዝ ሄድ፣ ማለትም ስፒከር የሌለው አምፕ፣ ልኮልኛል። ጀርባው ላይ ‹500 ዋት በ4 ኦም፣ ዝቅተኛው 4 ኦም› ይላል። እዚህ ያገለገለ 4×10 ካቢኔት (አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ያለው ሣጥን) ገዛሁ፤ 8 ኦም፣ 400 ዋት ነው። ድምፁን ወድጄዋለሁ፤ ከበሮው ሲጠነክር ግን ይዋጥብኛል። አንድ ጓደኛዬ ባለ 15 ኢንች፣ 4 ኦም፣ 300 ዋት ካቢኔት በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ሳውንድማናችን ‹8 እና 4 ሲደመር 12 ኦም ስለሚሆን አምፑ ይቀለዋል፣ ሁለቱንም ሰካ› ይለኛል። ሌላው የካቢኔቱ ዋት የአምፑን እጥፍ ካልሆነ ይቃጠላል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ስፒከር የሚያቃጥለው ትንሽ አምፕ ነው ባይ ነው። የቱን ልመን? ባለ 15 ኢንቹስ ቤዙን አይጨምርልኝም?»

ሁለቱን አንድ ላይ አትሰካቸው። የሳውንድማኑ ስሌት የተገላቢጦሽ ነው። እነዚህ ሁለት ካቢኔቶች በተለመደው መንገድ ሲያያዙ የሚሰጡት 12 ሳይሆን 2.67 ኦም ነው፤ ሄድህ ደግሞ ከ4 በታች እንዳትወርድበት በጽሑፍ አስጠንቅቆሃል።

12 የሚለው ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሁለት ስፒከሮች በሲሪየስ ሲያያዙ፣ ማለትም ከረንቱ አንዱን አልፎ ወደ ሌላው ሲሄድ፣ ኦሙ በእርግጥ ይደመራል። ነገር ግን በቤዝ ካቢኔት ጀርባ ያሉት ሁለት መሰኪያዎች ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በፓራለል የተያያዙ ናቸው። ከሄዱ ወደ መጀመሪያው ካቢኔት፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ስትሰካ ኬብሎቹ ለዓይን ተከታታይ ይመስላሉ፤ በውስጥ ግን ሁለቱም ካቢኔቶች እኩል ከሄዱ ጋር በቀጥታ ይገናኛሉ። የፓራለል ስሌት ሁለቱን አባዝቶ ለድምራቸው ማካፈል ነው፤ 8 በ4 ሲባዛ 32፣ 32 ለ12 ሲካፈል 2.67። ሁለት ባለ 8 ኦም ካቢኔቶች 4፣ ሁለት ባለ 4 ኦም ደግሞ 2 ይሰጣሉ። «ሄዱ ሁለት የስፒከር መውጫ ስላለው ለየብቻ እሰካቸዋለሁ» ብትልም ለውጥ የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ መውጫዎች ውስጥ ለውስጥ አንድ ናቸው።

ኦም ስፒከሩ ለከረንት የሚያሳየው እምቢታ ነው። ካቢኔት መጨመር ለአዳራሽ ሁለተኛ በር እንደመክፈት ነው፤ መጨናነቁ ይቀንሳል፣ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ግን ይበዛል። ያንን የበዛ ከረንት የሚያቀርበው ሄዱ ነው። ከ4 ወደ 2.67 ስትወርድ፣ ቮልዩሙን ሳትነካ፣ ሄዱ የሚጠየቀው ከረንት በ50 በመቶ ይጨምራል። ጥሩ መከላከያ ያለው ሄድ ከሆነ ሲግል ድምፁን ራሱ ይቆርጣል፤ የሚቆርጠውም ሳውንድ ቼክ ላይ ሳይሆን ሙሽሮቹ ሲገቡ ነው። መከላከያው ደካማ ከሆነ ደግሞ የመውጫ ትራንዚስተሮቹ ይሄዳሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳር አየር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ መመሪያዎች 2,000 ሜትርን ጣራ አድርገው ይጽፋሉ፤ ሙቀት አንዱ ምክንያት ነው። «ጓደኛዬ ውጭ አገር በዚህ ኦም ለዓመታት ተጫውቶበታል» የሚል ማስረጃ እዚህ ብዙ አይረዳህም።

«እሺ፣ በሲሪየስ የሚያያይዝ ኬብል ላሠራ?» ትል ይሆናል። ማሠራት ይቻላል፣ ሄዱም አይጎዳም። ነገር ግን 12 ኦም ላይ ሄዱ ከ200 ዋት ብዙም የዘለለ አይሰጥህም፤ ስፒከሮቹም አንዱ የሌላውን እንቅስቃሴ ስለሚያውኩ ድምፁ ይላላል። ገንዘብ አውጥተህ አሁን ካለህ ድምፅ ብዙም የማይሻል ነገር ትገዛለህ ማለት ነው።

እስካሁን ያልኩት ለትራንዚስተርና ለክላስ ዲ (ቀላል ክብደት ላለው የትራንዚስተር ዓይነት) ሄድ ነው። ወንድምህ የላከው በአንድ እጅ የሚነሳ፣ ሁለት ሦስት ኪሎ የሚመዝን ከሆነ ክላስ ዲ ነው። ቲዩብ ያለበት፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ዓይነት ከሆነ ግን ሕጉ ይለያል። በቲዩብ ሄድ ጀርባ 4፣ 8፣ አንዳንዴም 16 የሚል መምረጫ ይኖራል፤ ካቢኔቱና መምረጫው አንድ መሆን አለባቸው። ትራንዚስተር ሄድ ካቢኔት ሳይሰካበት ቢበራ ምንም አይሆንም፤ ቲዩብ ሄድ ግን ያለ ካቢኔት ተበርቶ ከተጫወቱበት የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ያ ትራንስፎርመር ደግሞ እዚህ በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ አይደለም።

ወደ ዋቱ እንምጣ። ሁለቱም አማካሪዎችህ ከእውነቱ ቆርሰው ይዘዋል፤ ድምዳሜያቸው ግን ትክክል አይደለም። በ4 ኦም 500 ዋት የሚሰጥ ሄድ በ8 ኦም የሚሰጠው ከ250 እስከ 300 ገደማ ነው። ስለዚህ ያንተ 4×10 በእርግጥ 400 ዋት የሚችል ከሆነ አሁን ካለው ሄድ በላይ ነው፤ እጥፍ መሆን አያስፈልገውም። «በእርግጥ» ያልኩት በምክንያት ነው። የሚታመነው አር ኤም ኤስ ወይም «ቀጣይ» የተባለው ቁጥር ነው፤ «ፕሮግራም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የዚያ እጥፍ፣ «ፒክ» ደግሞ አራት እጥፍ ተደርጎ ይጻፋል። 400ው ፒክ ከሆነ ካቢኔትህ 100 ዋት ነው ማለት ነው። ካቢኔቱ ላይ የተለጠፈውን ብቻ አትይ፤ ቢቻል የኋላውን ወይም የፊት መረቡን ፈትተህ ስፒከሩ ማግኔት ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር አንብብና ፈልገው።

ሙሉውን 500 ዋት አለማግኘትህም የመዋጥህ ምክንያት አይደለም። ዋት በግማሽ ሲቀንስ የሚጠፋው 3 ዲሲብል ብቻ ነው፤ ጆሮ ይለየዋል እንጂ «ድምፁ ግማሽ ሆነ» አይልም። ድምፅ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዲሲብል ገደማ ይጠይቃል፤ ያ ማለት 10 እጥፍ ዋት ነው። ከዋት ይልቅ ሰው የማይጠይቀው ቁጥር ይበልጣል፤ ካቢኔቱ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዲሲብል እንደሚሰጥ። 100 ዲሲብል የሚሰጥ ካቢኔት በ250 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ፣ 97 የሚሰጠው ለማውጣት 500 ዋት ይፈልጋል። ዕቃ ስትገዛ ይህን ቁጥር ጠይቅ።

ዋት በማነሱ የሚቃጠል ስፒከር የለም፤ ቢኖር ኖሮ ቮልዩም በቀነስክ ቁጥር ይቃጠል ነበር። የወሬው መነሻ ክሊፕ ነው። አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጥና አማካይ ጉልበቱ ይጨምራል፤ 300 ዋት የተባለ ሄድ ሙሉ በሙሉ ክሊፕ ሲያደርግ ወደ 600 ሊጠጋ ይችላል። የሾሉ ከፍተኛ ድምፆችም ስለሚበዙ መጀመሪያ የሚሰናበተው ትዊተሩ ነው። ስለዚህ አምፑን ትንሽ መሆኑ ብቻ ወንጀለኛ አያደርገውም። ጥፋተኛው ቀይ መብራቱ እየበራ እያየ የሚጫወተው ሰው ነው።

የስፒከር ዋት ደግሞ የሙቀት ቁጥር ነው፤ ቮይስ ኮይሉ (ኮኑን የሚገፋው የሽቦ ጥቅል) ሳይቃጠል ምን ያህል እንደሚችል ይነግርሃል። ቤዝ ስፒከር ግን ብዙ ጊዜ የሚሞተው በሙቀት ሳይሆን ኮኑ፣ የሚርገበገበው የስፒከሩ ፊት፣ ከልኩ በላይ ወጥቶ ሲገባ ነው። የአራት ክር ቤዝ ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ 41 ኸርዝ ነው፤ የአምስት ክሩ ቢ ደግሞ 31። ድምፁ በወረደ ቁጥር ኮኑ የሚጓዘው ርቀት በፍጥነት ይረዝማል። ቀዳዳ ያለው ካቢኔት ከተቃኘበት ድምፅ በታች ሲጫወቱበት ደግሞ አየሩ ኮኑን መያዝ ስለሚያቆም ከተጻፈው ዋት ግማሽ ላይ እንኳ ሊበላሽ ይችላል። የሄዱን ቤዝ ቁልፍ 12 ዲሲብል ስትጨምር በዚያ ድምፅ ላይ የምትጠይቀው 16 እጥፍ ዋት መሆኑን አስታውስ። ወፍራሙን ክር ስትመታ ከካቢኔቱ «ጧ» የሚል ደረቅ ድምፅ ከሰማህ ወዲያው ቀንስ፤ ኮይሉ የመጨረሻውን ድንበር እየመታ ነው። ሄድህ ላይ ሃይ ፓስ ፊልተር (ከተወሰነ ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ የሚቀንስ) ካለ 35 ወይም 40 ኸርዝ ላይ አድርገው። የሚጠፋብህ ብዙም የማይሰማ ነገር ነው።

አሁን ወደ 15 ኢንቹ። ትልቅ ስፒከር ቤዝ፣ ትንሽ ስፒከር ቀጭን ድምፅ ይሰጣል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ እውነታው ግን ካቢኔቱ እንዴት እንደተሠራ ይወስነዋል። አየር የሚገፋውን ስፋት ካነጻጸርን አንድ 10 ኢንች 350 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አራቱ 1,400 ይሆናሉ። አንድ 15 ኢንች 850 አካባቢ ነው። 1969 ላይ የወጣው የአምፔግ ኤስቪቲ ሄድ፣ 300 ዋት ቲዩብ ሆኖ፣ ትላልቅ መድረኮችን የሞላው 10 ኢንች ስፒከሮችን ስምንት ስምንት አድርጎ በደረደረ ካቢኔት ነው። ሁለት የተለያዩ ካቢኔቶችን መደባለቅ ሌላም ጣጣ አለው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው የሚዘገይባቸው ድምፆች ስለሚኖሩ የተወሰኑ ኖታዎች ይጎላሉ፣ የተወሰኑት ይሰወራሉ። በአንተ ጉዳይ ደግሞ ክፋቱ እጥፍ ነው። በፓራለል ከተሰኩ ባለ 4 ኦሙ ከጠቅላላው ዋት ሁለት ሦስተኛውን ይወስዳል። ይኸውም አቅሙ 300 የሆነው፣ ደካማው ካቢኔት መሆኑ ነው። ጠንካራው 4×10 በአንድ ሦስተኛ ሲዝናና ደካማው ሸክሙን ይሸከማል።

ታዲያ ለምን ትዋጣለህ? ሌላ ካቢኔት ከማሰብህ በፊት የገዛኸው አሮጌ ካቢኔት በሙሉ እየሠራ መሆኑን አረጋግጥ። ይህን የምለው እንዲህ ዓይነት ቅሬታ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እዚያው ስለሚያልቅ ነው። ቴስተርህን ኦም ላይ አድርግና፣ ኬብሉን ከሄዱ ነቅለህ፣ የካቢኔቱን መሰኪያ ሁለት ጫፎች ለካ። ቴስተር የሚያሳየው ከተጻፈው ያነሰ ነው፤ 8 ኦም የተባለ ካቢኔት ከ5.5 እስከ 7፣ 4 ኦም የተባለ ደግሞ ከ3 እስከ 3.5 ያሳያል። ብዙ 8 ኦም 4×10 ካቢኔቶች ውስጥ አራቱ ስፒከሮች ሁለት ሁለት ሆነው በሲሪየስ፣ ሁለቱ ጥንዶች ደግሞ በፓራለል ነው የተያያዙት። አንድ ስፒከር ከተበጠሰ ጥንዱም አብሮ ጸጥ ይላል፤ ቴስተሩም 12 አካባቢ ያሳይሃል። በጆሮ ይህን መለየት ቀላል አይደለም፤ ካቢኔቱ «ይሠራል»፣ ግን በሁለት ስፒከር ብቻ፣ ሄዱም ግማሹን ዋት እየሰጠ። 6 አካባቢ ካሳየህ ቀጥለህ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ወስደህ ጫፎቹን ለቅጽበት ብቻ ነካ አድርግ። ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ከተነካ አራቱም ኮኖች በአንድ ጊዜ ወደ ፊት መዝለል አለባቸው። ቀድሞ የጠገነው ሰው አንዱን ገልብጦ አስሮት ከሆነ ሦስቱ ሲወጡ አንዱ ይገባል፤ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሽቦውን መገልበጥ ብቻ ነው መፍትሔው።

ካቢኔቱ ጤነኛ ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ አቀማመጡና የድምፅ ምርጫህ ነው። 4×10 መሬት ላይ ተቀምጦ ለቁርጭምጭሚትህ ይጫወታል፤ አንተ ራስህን አትሰማም፣ ከፊት ያለው ሰው ግን ይደነቁራል። ወንበር ከፍታ ላይ አውጣው። ሲዋጡ ቤዙን መጨመር የሁሉም ቤዚስት የመጀመሪያ ምላሽ ነው፤ ውጤቱ ግን ከትልቁ ከበሮና ከኪቦርዱ ግራ እጅ ጋር እዚያው ጉድጓድ ውስጥ መግባት ነው። ኖታህ ተለይቶ የሚሰማው ከ200 እስከ 800 ኸርዝ ባለው አካባቢ ነው። በተለይ ችክችካ ሲሆን፣ ኖታው ተከታትሎ ስለሚመጣ፣ ከታች የተጎተተ ድምፅ አንዱን ምት ከሌላው ያጣብቀዋል። ቤዙን ትንሽ ቀንሰህ ሚዱን ጨምርና እንደገና አዳምጥ። ብቻህን ስትሞክረው የማያምር ድምፅ ከባንዱ ጋር ልክ ሊሆን ይችላል። ኪቦርዲስቱንም ግራ እጁን እንዲያሳርፍልህ ለምነው፤ ይህ ከማንኛውም ካቢኔት ይከብዳል፣ አውቃለሁ።

ኬብሉንም አትናቀው። የጊታር ኬብልና የስፒከር ኬብል ጫፋቸው አንድ ዓይነት ጃክ ቢሆንም ውስጣቸው አይገናኝም። የጊታር ኬብል መካከለኛ ሽቦ እንደ ክር ቀጭን ነው፤ በመቶዎች ዋት ሲያልፍበት ይግላል፣ ይቀልጥና ሾርት ያደርጋል። 1.5 ወይም 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሁለት ሽቦ ያለው ኬብል ይበቃሃል። ሄዱም ካቢኔቱም ስፒኮን የሚባለው የስፒከር መሰኪያ ካላቸው ስፒኮን ተጠቀም፤ ይቆለፋል፣ ሲሰካም ሾርት አያደርግም። በብዙ ክላስ ዲ ሄዶች ከሁለቱ የስፒከር ጫፎች አንዱም ከግራውንድ ጋር የተያያዘ አይደለም፤ ስለዚህ የስፒከር መውጫውን በምንም ዓይነት ወደ ሚክሰር እንዳትወስደው። ለዚያ ዲ አይ የሚባለው፣ ወደ ሚክሰር የሚሄደው መውጫ አለ።

ሄዱ የመጣው ከ120 ቮልት አገር መሆኑን አትርሳ። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ጀርባውን አንብብ፤ «100–240» ካለ ገመዱን ብቻ ቀይር። 115/230 መምረጫ ካለው ከመሰካትህ በፊት ወደ 230 አዙረው፤ ለዚያ የሚስማማውን ፊውዝ መመሪያው ላይ እይ። 120 ብቻ ካለ እውነተኛ፣ ከባድ፣ ጠመዝማዛ ሽቦ ያለው ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል፤ ለዚህ ሄድ ከ1,000 ቪ ኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) በታች አትውረድ። ለፀጉር ማድረቂያ ተብሎ የሚሸጠው ቀላል ኮንቨርተር አምፕ ይገድላል። ሠርግ ላይ ጄኔሬተር ሲነሳና ሲጠፋ ሄዱ መጥፋት አለበት።

ውሳኔዬ ይኸው ነው። ባለ 15 ኢንቹን አትግዛው። ብቻውን እንኳ ብትጠቀምበት ሄድህ በ4 ኦም 500 ዋት ስለሚሰጥ 300 ዋት ካቢኔት ላይ ሁልጊዜ እጅህን ሰብስበህ መጫወት ይኖርብሃል። ያለህን 4×10 በቴስተርና በባትሪ መርምር፣ ከፍ አድርገው፣ ሚዱን አስተካክል። አዳራሹን ለመሙላት ከዲ አይ ወደ ትልቁ ሳውንድ ሲስተም ግባ፤ ካቢኔትህ መድረኩን እንጂ አዳራሹን እንዲሞላ አትጠብቅበት፤ ድንኳን ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ ከሆነ ደግሞ የትኛውም ካቢኔት አይሞላውም። ይህን ሁሉ አድርገህ ካልበቃህ ብቻ ሁለተኛ ካቢኔት ግዛ፤ እሱም የግድ 8 ኦም፣ ከተቻለ ካለህ ጋር አንድ ሞዴል 4×10 ይሁን። ሁለቱ 4 ኦም ይሆናሉ፣ ሄዱ ሙሉ 500 ዋቱን ይሰጣል፣ እያንዳንዱ 250 ይደርሰዋል፤ የዋቱና የስፒከሩ ስፋት ጭማሪ ተደምሮ በዝቅተኛ ድምፆች ላይ እስከ 6 ዲሲብል ታገኛለህ። ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱን በአንዱ ላይ ደርድራቸው። ያገለገለ ካቢኔት ልታይ ስትሄድ ቴስተሩንና ባትሪውን ይዘህ ሂድ፤ ሻጩ «8 ኦም ነው» ብሎህ ቴስተሩ 3.2 ካሳየህ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ጥለኸው ውጣ።